አባት ይተርካሉ፣ ልጅ ትመልሳለች

በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች መካከል አባትና ልጅ አብረው እንግዳ ሲያስጎበኙ ኖረዋል። አባትየው አቶ ኃይለኢየሱስ በጌዴኡፋ ይተርካሉ፤ ልጃቸው ሔርሜላ ከሥር ከሥር ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ክረምቱ ሲገባ አቶ ኃይለኢየሱስ አረፉ።

ሐዘኗ ሳይወጣላት ከዲላ ተማሪዎች መጡ። እንጀራ ነውና ይዛቸው ወጣች። ትረካውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ልማዱ ግን አልለቃት አለ። ጥቂት ተናግራ እንደ ድሮው ዝም ትላለች፣ አባቷ ቀጣዩን እስኪናገሩ። ያኔ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ይንኮሻኮሻል። ተማሪዎቹ አልተቁነጠነጡም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ አለች በሆዷ።

ሲሰነባበቱ ሀምዲያ የምትባለው ተማሪ ወደኋላ ቀረት አለች።

«እናመሰግናለን እህቴ። አባባንም አመስግኚልን፣ በዚህ ብርድ እዚህ ድረስ መውጣታቸው! ግን መጨረሻ ላይ ያሉትን ለምን አልተረጎምሽልንም?»

ሔርሜላ ወደ ድንጋዮቹ ዘወር አለች። «ምን… ምን አሉ?»

«ቋንቋውን እኔ የት አውቄ! ብቻ ስምሽን ደጋግመው ይጠሩ ነበር። አንቺ ዝም ስትያቸው ጊዜ አለቀሱ።»