ባዶው መቆንጠጫ

መርዕድ የፊልም መቅረጫ ቦታዎችን በዕቃ ሲያሰናዳ ሃያ ዓመት አልፎታል። በሠራበት ፊልም ሁሉ፣ ከተሰጣው ልብስ መሃል አንዲት ቢጫ የሕፃን ካልሲ ያንጠለጥል ነበር። የማን እንደሆነች ለሚስቱ ለስንዱ እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ምን የማይወጣ ሕግ አለ፣ በፊልም ውስጥ የሚታይ ዕቃ ሁሉ ትርጉሙ ከሥሩ ይጻፍ፣ ትርጉም የሌለው ከምስሉ ይጥፋ ተባለ። መርዕድ ቅጹን ሲሞላ ካልሲዋ ጋ ደረሰ። የሞተችው ልጃቸው ስም ስንዱ ፊት ስክሪን ላይ ተጽፎ ታየው። «ትርጉም የለውም» ብሎ ሞላና አስረከበ።

እሑድ ከሰዓት አዲሱን ፊልም ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፈቱ። የተሰጣው ልብስ መጣ። ከነጩ አንሶላ ሥር «ንጽሕና» የሚል ተጻፈ። ከአጠገቡ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ምንም ሳይዝ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ከሥሩ «አለመልቀቅ» ይላል።

ስንዱ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። አሁንም መለሰችው።

«መርዕድ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል፣ «የልጄን ካልሲ ምን አደረግሃት?»