የመንኮራኩሩ አንቴና

የቀረችው አንዲት የፕላስቲክ ጡብ ናት፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ የመጫወቻው የጠፈር መንኮራኩር አንቴና። ትርሲት ትንፋሿን ውጣ የባሏን ጣቶች ታያለች።

ባሏ ቀዶ ሐኪም ነው። ስትሮክ ቀኝ እጁን ከመታው ወዲህ፣ ሐኪሞቹ እየገጣጠመ ጣቶቹን እንዲያፍታታባቸው ብለው እነዚህን ሁለት ሺህ ጡቦች ሰጡት። "አንድም ሳላዛንፍ ከጨረስኩ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ" ብሎ ማለ። ትርሲትም ተስፋ እንዳይቆርጥ ብላ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለ ቁጥር ያጣመማቸውን እየነቀለች ስታቃና ስድስት ወር ከረመች።

ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። አንቴናዋ ቀጭ ብላ ገባች፤ ግን ዘመም ብላለች። እሱ አላስተዋለም።

"አየሽ? ከዚህ ሁሉ ጡብ አንድም የተዛነፈ የለም!" አለ። "ሰኞ ክሊኒኬን ከፍቼ ኦፕሬሽን እገባለሁ።"

"ሰኞ? ምነው ትንሽ ብትቆይ?"

"በሽተኛዬ መች ያስቆዩኛል! በሐሞት ጠጠር እየተሠቃዩ፣ 'ከልጄ ባል በቀር ሆዴን ማንም አይከፍተውም' ብለው ስድስት ወር ሙሉ የጠበቁኝ እናትሽ ናቸው።"

ትርሲት አንቴናዋን ልታቃና የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።