ክቡ አምስት ሸቀል

ኢዳን የአያቱን ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገው፤ እናቱ አበቡ ከኋላው ቆማ የቲማቲሙን ፌስታል ከቀኝ ወደ ግራ እጇ አዛወረች። የእናቷን ብር ልጇ በአንድ አምስት ሸቀል ሊለውጠው ነው። አምና ከሠራዊቱ ሲወጣ በገዛ እጇ ነው የሰጠችው፤ እና አሁን ምን አፍ አላት?

አባ ቃኘው በእስራኤል፣ በኔታንያ ከተማ ገበያ ጥግ፣ በወይራ ሻጩና በካልሲ ሻጩ መሀል፣ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ሳንቲም የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በሁለት ጣታቸው ያነሡት አምስት ሸቀል እንደ ሌላው አሥራ ሁለት ማዕዘን የለውም። ሙሉ ክብ ነው፤ አነስ ይላል፣ ጠርዙም ወፍራም ነው።

«ሲታተም ስህተት የገባበት ነው» አሉ። «እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ሌላ አላየሁም።»

«ዋላ፣ አባ ቃኘው፣ አንተ እኮ አንደኛ ነህ!» አለ ኢዳን ተገርሞ፣ ዕብራይስጥ እየቀላቀለ። ሽማግሌውን አንተ ይላል፤ እዚህ የተወለደ ልጅ፣ አንቱን ማን አስተምሮት! ስህተት ያለበት ሳንቲም ካየ ደግሞ ሌላ ነገር አይታየውም። «ኢማ፣ ንኪው እስቲ!» ብሎ እናቱ መዳፍ ላይ ጣለላት።

አበቡ ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አዞረችና ልቧ ድንግጥ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሆቴል ማኽቤሳ ውስጥ አንሶላና ፎጣ፣ የሠራተኛ ልብስም ስታጥብ፣ ስንት እንዲህ ያለ ሳንቲም ከማድረቂያው ከበሮ ሥር ፈልፍላ አውጥታለች!

ግን እንዴት ብላ ትናገር? ለብሩ ሳስታ ነው እንጂ ሳንቲሙን አውቃው ነው የሚላት የለም።

«ይኼ ስህተት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ማድረቂያ ውስጥ የከረመ ነው።»

የኢዳን ፊት ተለዋወጠ። «ኢማ፣ በቃ! ብሩን እንዳልሰጥ ብለሽ ነው።»

«ብሩ ያንተ ነው! ከፈለግህ ለመንገደኛ ስጠው፤ በዚህ ግን አትለውጠውም።» ድምጿ ከፍ ሲል ካልሲ ሻጩ ዞሮ አየ። «አባ ቃኘው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳንቲም ከበሮው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ወራት ሙሉ ይሽከረከራል። ጠርዙ እየተመታ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ማዕዘኑም ይጠፋል። ብረቱ ግን የትም አይሄድ። ከጤነኛው ጋር ይመዝኑት እስቲ!»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ከፋብሪካ ሲወጣ አንሶ ቢሆን፣ ይቀል ነበር።» ትንሿን ሚዛን ከሳጥን አወጡ። ጤነኛው ስምንት ነጥብ ሁለት ግራም ሆነ። ክቡ ስምንት ነጥብ አንድ፤ ከምንም የማይቆጠር ልዩነት ነው። ደግመው መዘኑት፤ ያው ነው።

አበቡ ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። እኔም አምኜ ነው የገዛሁት። የልጅሽን ብር በልቼ ልቀመጥ ነበር እኮ! ከኀጢአት አወጣሽኝ።»

ያን ማኽቤሳ ስንቴ ረግማዋለች! ወገቧን የበላው፣ እጇን የላጠው እሱ ነው። ዛሬ ግን ተመስገን አለች፤ እንኳንም እዚያ ሠራሁ አለች በልቧ።

«ስሊኻ፣ ኢማ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ ኢዳን አቀርቅሮ። ጆሮው ቀልቷል። ጠገራ ብሩን አንሥቶ ኪሱ ሊከት ሲል ምን እንዳሰበ እንጃ፣ የሽማግሌውን ማጉያ መነጽር ተቀብሎ ያየው ጀመር። ዓመት ሙሉ ይዞት ሲዞር እንዲህ አይቶት አያውቅም።

«እዚህ ጋ ተቆርጧል» አለ ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ። «ይኼስ በምንድን ነው?»

እስከ ዛሬ ጠይቋት አያውቅም። አበቡ ፌስታሉን መሬት ላይ አኖረች።

«በቢላ ነው። አያትህ ወደዚህ አገር ለመምጣት ልጆቿን ይዛ ወደ ሱዳን ስትወጣ፣ መንገድ የሚመራቸው ሰው ዋጋ ጠየቀ። ይኼን ብር ካንገቷ ፈትታ ሰጠችው። እውነተኛ ብር መሆኑን ሊያይ ጫፉን ቆረጥ አደረገው፤ እውነተኛ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ልጆቹን አየና ‹ያዢው፣ ለነሱ ይሁንሽ› ብሎ መለሰላት። ስሙን እንኳ አታውቀውም፤ እስክትሞት ስትመርቀው ኖረች።»

ኢዳን ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንቺስ? አንቺ ስንተኛዋ ነበርሽ?»

«እኔማ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ» አለች አበቡ።