የጋቢው ጫፍ

የቀበሌው ሊቀመንበር በሩን ገፍቶ ሲገባ ዲሪቤ የአባቷ ጋቢ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌላኛውን ጫፍ ከፍራሹ ስር ወትፋዋለች። አባቷ ጋሽ ጎንፋ «ኖር!» ብለው በክርናቸው ቀና ሊሉ ሲሞክሩ የተወጠረው ጋቢ መልሶ አስተኛቸው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች በጭንቅላታቸው የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ሆዳቸው የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳቸው ስር አስገብተውላቸዋል። «በድንገት ብድግ ካሉ ውሃው ከልክ በላይ ይወርድና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈሳል፤ ቀስ በቀስ ነው ቀና የሚሉት» ብለው አስጠንቅቀዋታል። መቱ ውስጥ ግን ጠያቂ አያልቅም፤ ጋሽ ጎንፋ ደግሞ ዶሮ ብትገባም ሳይነሱ አይቀሩም።

«ለአብዮቱ ተወካይ አይነሳም እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሐኪም ከልክሏቸው ነው፣ ጓድ።»

«አንቺስ? ያንቺም ጭንቅላት ውሃ ይዟል?»

የዲሪቤ ዓይኖች በእንቅልፍ እጦት ይቃጠሉ ነበር። የአባቷ ክርን አሁንም ከጋቢው ጋር ይታገላል።

«የኔስ ባዶ ነው፣ ጓድ። እኔ ከተነሳሁ ግን እሳቸው ይነሳሉ።»

ጋሽ ጎንፋ በሃፍረት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሊቀመንበሩ የተወጠረውን ጋቢ፣ ከዚያም የልጅቷን ፊት አየና ቆቡን አወለቀ።

«ጪሲ፣ ጎንፋ፤ ተኛ በቃ» አለና ከአጠገቧ ጋቢው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ልያዝልሽ፣ ትንሽ አረፍ በይ።»

ዲሪቤ «እንዳያታልሉዎት፣ ጓድ፣ እሳቸው እኮ...» ብላ ጀመረች። ግድግዳውን እንደተደገፈች፣ ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት።