የሚመለከተው ወገን

ቤትህ በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን ከማን አፍ መስማት ትመርጣለህ፤ ከዳኛው ወይስ አጥርህ ጥግ ቆሞ ፎቶ ከሚያነሳ ገዢ? ኦራሊ ፔቲስ ምርጫ አልተሰጣትም። ሐሙስ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ወጥታ «ምን ፈለግህ ልጄ?» ብላ የጠየቀችው እንግዳ፣ «ረቡዕ የሚሸጠውን ቤት እያየሁ ነው እማማ» ብሎ መለሰላት።

ዛሬ እሑድ ነው። እንደ ወትሮዋ የኔቦ ተራራ ቤተ ክርስቲያንን ማስታወቂያ ለማንበብ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማለች። ዕድሜ ልኩን ሥነ ዜጋ ያስተማረ ድምፅ ነው፤ ማንም አያንቀላፋበትም።

«ቅዳሜ የዓሣ ጥብስ አለ፤ ገቢው ለጣሪያው ነው። አምና ዓሣው ቀትር ሳይሆን ለምን እንዳለቀ አልናገርም። ዲያቆን ሆሴዕ ግን ዘንድሮ እባክዎ ቁርስ በልተው ይምጡ።»

«ስም ማጥፋት ነው!» ይላሉ ሽማግሌው ዲያቆን ከኋላ። ምእመኑ በሳቅ ይፈርሳል።

ፊት ለፊት የተቀመጠው ሮስኮ ቢቨንስም ይስቃል። በግዛቱ ምክር ቤት የአካባቢው እንደራሴ ነው፤ ምርጫ ሲደርስ ለጣሪያው ቼክ ይዞ መጥቷል። ኦራሊም እንደ ራሴ ይሁንልኝ ብላ በየምርጫው ድምጿን ሰጥታዋለች።

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ከማይክሮፎኑ ግን አትነቃነቅም።

«አንድ ማስታወቂያ ቀርቶኛል። ረቡዕ፣ ፍርድ ቤቱ መግቢያ ደረጃ ላይ፣ ቤቴ ይሸጣል።»

የኋላዎቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«የእህቴን ልጅ ኬልቪንን በዋስ ለማስፈታት ቤቴን ማስያዜን ታውቃላችሁ። ያስያዝኩትም በዋስነት ለሚነግደው፣ በክፍያ ለእስረኛ ዋስ ለሚሆነው ድርጅት ነው። ልጁ በቀጠሮው ቀን ስሙ ሲጠራ አልተገኘም። ጠፋ ተባለ። የት ነበር? ጎረቤት አውራጃ፣ እስር ቤት! በትራፊክ ቅጣት ይዘውት። በየእሑዱ ከዚህ ወጥቼ ንጹሕ ካልሲ እወስድለት ነበር። አንድ ሰው ደውሎ ‹ልጁ የት ገባ?› ቢለኝ፣ ‹እናንተው ጋ› እለው ነበር።»

«ተናገሪ!» ይላል አንድ ድምፅ።

«ሕጉ ተከሳሽ ሲቀር ለድርጅቱ ማስታወቂያ ይላክ ይላል። ሰውየውን ፈልጎ እንዲያቀርብም ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካቀረበው ማንም አይነካም። ድርጅቱ ደብዳቤው ደረሰው። ምን ቸገረው? ኪሳራው የሚወጣው ከኔ ቤት ነው። አፉን ዘግቶ ጊዜው እስኪያልፍ ጠበቀ። ኬልቪን ተፈትቶ በገዛ እግሩ ፍርድ ቤት ሲሄድ አልፏል አሉት።»

ሴቶቹ በካርቶን ማራገቢያ ያራግባሉ። ያደላቸው ያው ድርጅት ነው፤ ፊቱ ላይ «ምን ጊዜም ከጎንዎ ነን» የሚል ታትሞበታል። አንዷ አንብባው ጭኗ ላይ በፊቱ ትደፋዋለች።

መጋቢ ጌይንስ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። «እህት ኦራሊ፣ እንጸልይበታለን።» በአገጫቸው ምልክት ይሰጣሉ፤ ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ይጀምራል።

«ላቨርን፣ እጅሽን ከኦርጋኑ አንሺ» ትላለች ኦራሊ ዞር ሳትል። ላቨርን ተማሪዋ ነበረች። ኦርጋኑ ቀጥ ይላል።

ቢቨንስ እንደተቀመጠ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «እህት ኦራሊ፣ ልቤ ተነክቷል። ግን ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው። ነገ ቢሮዬ ብቅ ይበሉ።»

«ቢሮዎማ ዓርብ መጥቼ ነበር። ጎልፍ እየተጫወቱ ነው ተባልኩ።»

«ጌታ ሆይ!» ይላሉ ዲያቆን ሆሴዕ፤ ጸሎት ይሁን ሳቅ አይለይም።

ቢቨንስ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ የቀረው ግን ጥርሱ ብቻ ነው። «ሕጉ እኮ ማስታወቂያ ይሰጣል። ለሚመለከተው ወገን ሁሉ።»

የሚመለከተው ወገን። አምና የዚሁ ሕግ ረቂቅ ላይ ቤት ላስያዘውም ሰው ይነገረው የምትል አንዲት መስመር ነበረች። የዋስ ድርጅቶቹ ሰዎች እንደራሴዎቹን እራት ጋበዙ፤ መስመሯ ተሰረዘች። ትሰረዝ ብለው ከወጡት እጆች አንዱ የዚህ ሰው ነበር። «ወረቀት ቀነስንላችሁ» የሚል በራሪ ጽሑፍም በየቤቱ ልኳል። ኦራሊም ደርሷታል፤ ያን ጊዜ አድራሻዋ አልጠፋም።

«እናቴን ያስታመምኩት እዚያ ቤት ነው። የባሌ ሬሳ የወጣው ከዚያ ቤት ነው። እኔን አይመለከተኝም?»

«የሕግ ነገር ውስብስብ ነው፤ ለእርስዎ ማስረዳቱ —»

«አንተ ሮስኮ!»

እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ነበር። መጋቢ ጌይንስ ቀና ብለው ውሃ የጠጣውን ጣሪያ ያያሉ። ማንም «ተናገሪ» አይልም።

ኦራሊ ማይክሮፎኑን ከማቆሚያው ትነቅላለች። ገመዱን እየጎተተች ወርዳ አገጩ ሥር ትደቅንበታለች።

«ቼክህ ይቆየን። ያቺን መስመር ስትሰርዝ፣ ቤቷን ያስያዘችው ሴት አትስማ ያልከው ለምንድን ነው? ለኔ ብለህ አይደለም፤ እኔ ረቡዕ የት እንደማድር አላውቅም። ለነዚህ ለመረጡህ ሰዎች መልስ። ተነስና፣ የኋላው ወንበር እስኪሰማ፣ በዚህ ማይክሮፎን መልስ!»