በታላቁ ስም

ህይወት አምስት የእንጨት ቁራጮች ደራርባ እጇን ሰበሰበች። ልጁ ክምሩን አፍርሶ እንደገና ካበው፤ ሰባት አደረሰው። ከመደቡ ላይ አሰልጣኟ ዶክተር ደጀኔ በአዎንታ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

የሕፃናትን እድገት ችግር የሚያጠና ሐኪም ስልጠናውን የሚጨርሰው እንዲህ ገጠር ወርዶ፣ በአሰልጣኙ ፊት መርምሮ ሲያልፍ ነው። ህይወት አንድ ልጅ ብቻ ቀርቷታል። የተቋረጠ ምርመራ አይያዝም፤ ያመጣቸው መኪና ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመለሳል። የዛሬው ካለፋት ፈተናው ለከርሞ ነው።

የተመዘገበው ገብረሰንበት የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ከፊቷ ያለው ልጅ ክምሩን አይቶ ሳቀ፤ ህይወት ጥርሶቹን አየች። አንድም ያልወለቀ፣ ድርድር ያለ የወተት ጥርስ። አምስት ዓመትም አልሞላውም።

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ግድግዳውን መታ። እናቱ በለጠች ጮክ ብላ አሳለች።

ዶክተር ደጀኔ አልሰሙም፤ ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጧት። የቀሩት ጥቂት ጥያቄዎች ነበሩ። ህይወት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እታለም፣ ይኼ ታናሽየው ነው አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በለጠች በሩ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቤተሰብ ወረቀት አየች። የጎረቤቶቹ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ማታ መጥቶ ሐኪሞች ልጆችን ሊያዩ ነው ሲላት፣ ቤቷ እንደገና ሊገመገም መስሏት ነበር። መጸዳጃ ቆፍራ፣ ከብቶቹን ከቤት አውጥታ ያገኘችውን ማዕረግ ጓዳ ባለው በሽተኛ ልጇ ምክንያት እንዳይነጥቋት ፈርታ፣ ታናሹን በታላቁ ስም አቀረበችው። ይህን ሁሉ የተናገረችው ለመሬቱ ነበር። ከዚያ ቀና አለች።

«ባወጣው ያድኑልኛል?»

በስልጠናው ደጋግመው የነገሯት ነገር ነው፤ ለጥናት የመጣ ሐኪም የማይሰጠውን ተስፋ አይሰጥም። ክፍል ውስጥ ቀላል ነበር።

«አላድነውም። መድኃኒትም አልያዝሁም» አለች ህይወት።

«ታዲያ ለምን ላውጣው?»

ህይወት ወደ አሰልጣኟ ዞረች። ዶክተር ደጀኔ ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

«እንደዚህ ያሉ ልጆች ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሁሉም በየቤቱ ጓዳ ነው ያሉት፤ የመጣነው ይህንኑ ለማወቅ ነው። ባያወጡትም ማንም አይቀየምዎትም፤ ወረቀትዎንም የሚነካ የለም። እኔ ግን የዚህን ልጅ ውጤት በወንድሙ ስም አልጽፍም።»

የጀመረችውን ቅጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ዶክተር ደጀኔ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገሩ ተሰማ፤ የሚሉት ግን አይለይም።

በለጠች ጓዳ ገብታ፣ እግሮቹ የሚንጠለጠሉ ልጅ አቅፋ ወጣች። ቁርበቱ ላይ አስቀምጣ በጉልበቷ ደገፈችው። በጣሳ ውኃ ቀድታ ፊቱን አጠበችው፤ አገጩን፣ የጆሮውን ጀርባ፣ የተጨበጡ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችውና ጣሳውን ወደ ግድግዳው ጥግ ገፋ አድርጋ ለህይወት ቦታ ለቀቀች።