አንሶላው ላይ የቀረው ጨው

አሰብ ላይ ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛል፤ ሙቀቱ ሌላ ነገር አያሠራም። ፀዳለ ግን አትተኛም። እናቷ የቀበሌው የውሃ ቦቴ ዘንድ ተሰልፋ እስክትመለስ ታናሽ ወንድሟን ንዋይን ታጠጣለች። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ የልጁ ኩላሊት ውሃም ጨውም ማስቀረት አልቻለም፤ የጠጣው ሁሉ በሽንት ይወጣል። መጠጣት ካቆመ ግን አለቀለት።

እውነትም የተኛበት አንሶላ ሲደርቅ ጨው ይዞ ይነጣ ነበር። ነጩ የጨው ምልክት መጀመሪያ እንደ ካርታ ያለ ነገር ነበር። ሰንበት ሲል ተረከዝ አወጣ፤ ከዚያ ጣቶች፣ ከዚያ ጆሮ። ብታጥበውም ተመልሶ ይመጣል። ንዋይ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ሄደ።

«ጓድ ንዋይ፣ ጨው ማምረቻው ለምን አይቀጥርህም?» ትለዋለች።

«አንቺንስ በዚህ ምላስሽ ማን ይቀጥርሻል?» ይላታል እየሳቀ።

ዛሬም የረጠበውን አንሶላ ቀይራ፣ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አስጥታ ስትገባ «ፀዱዬ፣ ውሃ» አላት።

«መጣሁ፤ ብቻ ቀይ ባሕርን እንዳትጨርሰው» ብላ ከበርሜሉ ቀዳች። ቀና አድርጋ ጣሳውን ከንፈሩ ላይ ብታስጠጋለት ውሃው በአገጩ ወረደ። ክንዷ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ቀለላት።

«ንዋይዬ፣ ዋጥ እንጂ።»

«ፀዱዬ፣ ውሃ» አላት ደግሞ።

ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ የመጣው ከግቢው ነው። በበሩ አሻግራ አየች። ነፋስ የለም። በሙቀቱ ወዲያው የደረቀው አንሶላ ላይ ያለው ነጭ የጨው ልጅ አፉን ከፍቷል።